የ12ኛ ክፍል መጽሔት እያዘጋጀን ነው፤ አቋርጠው የሄዱትን ልጆች እናስገባ ወይስ እንተዋቸው?

የኋላ ዴስክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነን፤ ለብሔራዊ ፈተና ከመበተናችን በፊት የባቻችንን መጽሔት ለማሳተም እየተሯሯጥን ነው። ኮሚቴው ለእኔ የሰጠኝ ስለ ተማሪዎቹ የሚጻፈውን ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጉርድ ፎቶና ሦስት አራት መስመር።

ሁሉም ስለ ጓደኛው ጽፎ እንዲያመጣ ወረቀት በተንን። የተመለሰው ወረቀት ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። «ተግባቢ፣ ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ፣ ወደፊት ሐኪም መሆን የምትፈልግ።» ስሙን ብትሸፍኑት የወለደቻት እናት እንኳ ልጇን አትለይም። እኔ ግን ያቺን «ሳቂታ» ልጅ አውቃታለሁ። ቀልድ ሲነገር ዝም ብላ ታያለች። ክፍሉ ስቆ ጨርሶ ቲቸር ማስተማር ሲጀምር ነው የሚገባት። ያኔ ብቻዋን ትጀምራለች፤ እሷን አይተን እኛም እንደ አዲስ እንስቃለን፤ ከክፍል የምትወጣው ግን እሷ ናት። ይኼ ነው መጻፍ ያለበት ብዬ ብናገር «ክብሯን ይነካል» አሉኝ። እሷን ብጠይቃት «ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?» አለችኝ።

ዋናው ጥያቄዬ ሌላ ነው። 9ኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። አንዷ 10ኛ ክፍል ዓመቱ ሳያልቅ ቀረች፤ አረብ አገር ሄደች ተባለ። አንዱ ደግሞ 11ኛ ናቹራልና ሶሻል ተብለን ስንከፋፈል ምርጫውን እንኳ አልሞላም፤ አሁን ታክሲ ላይ ረዳት ነው። ዩኒፎርም ለብሰን ስንገባ ከሁሉም ላይ ይሰበስብና እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኝ ያልፋል። ብሩን ብዘረጋ እንዳላየ ወደ መስኮቱ ይዞርና «ወራጅ አለ?» ይላል። እነዚህን ልጆች ሳላስገባ ስለ አራት ዓመት መጻፍ አልቻልኩም። ኮሚቴው «መጽሔቱ የተመራቂ ነው» ብሏል። እናንተ ምን ትላላችሁ? በተለይ ከዚህ በፊት የሠራችሁ።

ቀጥታ መስመር፦

ኮሚቴው ልክ ነው። መጽሔት ድንበር ካልተበጀለት ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረው፣ ከነገ ወዲያ ክፍል የደገመው ይመጣል። ገጽ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለ አጻጻፉ ግን ካንቺ ጋር ነኝ፤ «ተግባቢ» የሚለው ቃል በአዋጅ ይከልከል።

ጥቅምት 2015፦

እህቴ፣ እኔ የ2014 ባች ነኝ፤ መጽሔታችን ላይ ሠርቻለሁ። 10ኛ ክፍል እያለን መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ሳይመለሱ የቀሩ ብዙ ነበሩ። «በቃ እስከ ሰኞ» ተባብለን ተለያይተን ዳግም ያላየኋቸው ልጆች አሉ። እኛ አላስገባናቸውም፤ ማንም ትዝ አላለውም ብል ይሻላል። ስለዚህ አስገቢ ነው የምልሽ። ገጽ ካነሰ የኮሚቴውን የቡድን ፎቶ አሳንሱት፤ በእኛ መጽሔት አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ ነበር።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። «የወደፊት ሕልም» የሚለውን መስመር አውጪው። ሁላችንም ሞላነው፤ ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ አብራሪ። ከዚያ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ጥቅምት 2015 ላይ ሶሻል ቀድሞ ናቹራል ተከትሎ በየተመደበበት ግቢ ገባ። ውጤት ሲመጣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። መጽሔቱን ያን ሰሞን የገለጠ ሰው አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ ገጿን በምላጭ ቆርጣ አውጥታዋለች። «ከሥሬ የተጻፈው እኔን አይደለም» ነው ያለችው። ሬሜዲያል ገብታ አለፈች፤ አሁን የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ ሕልሟ ላይ ግን ዛሬም «የልብ ሐኪም» ይላል።

የት ይቀመጥ እንደነበር ጻፊ። ሞባይል ስንቴ እንደተቀማ፣ ሰልፍ ላይ ምን ሰበብ እንደሚያመጣ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ምን እንዳነበበ። ያ ውጤት ቢመጣም ባይመጣም አይቀየርም። ሌላው፣ ወደ ፈተና ስትሄዱ ስልክ ይዞ መግባት የለም፤ ካምፓስ ውስጥ ፎቶ እንነሳለን ብላችሁ አትዘግዩ።

የፕላዝማ ልጅ፦

እኛ በፕላዝማ ከተማሩት ነን። በመጽሔታችን ላይ ከተማሪዎቹ መሃል ለፕላዝማውም ጉርድ ፎቶ ሰጥተነው ነበር። ከሥሩ የተጻፈው፦ «ጥያቄ ይጠይቃል፣ ደብተር ሳንገልጥ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያም ‹ቬሪ ጉድ› ብሎን ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የገባን።» እስከ ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው። በተረፈ ረዳቱን አስገቢው፤ ታክሲ ውስጥ እንዳይወርድብሽ። 😂

አውቶግራፍ፦

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ፣ ማትሪክ በምንፈተንበት ዘመን፣ መጽሔት የሚባል ነገር አልነበረንም። አውቶግራፍ ነበር። እያንዳንዳችን ደብተር እናዘጋጅና ጓደኛ ወስዶ አድሮበት፣ ጉርድ ፎቶውን በሙጫ ለጥፎ ይመልሳል። የምትወደው ቀለም፣ የማትረሳው ቀን፣ ለእኔ ያለህ ምክር፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር መልሱ ያኔም እንደዚያው ነበር፤ «አትርሳኝ» የማይል ገጽ የለም።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ግን መልሱን አላነበውም፤ የማየው የእጅ ጽሑፉን ነው። አንዱ «ለ»ን ሲጽፍ አንደኛውን እግር አስረዝሞ ከታች ካለው መስመር ጋር ያጋጨዋል። ፊዚክስ የኮረጅኩት ከእሱ ስለሆነ ያንን ጽሑፍ በጨለማም እለየዋለሁ። አንዷ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጀምራ ቀለሙ አልቆባት በሰማያዊ ጨርሳለች፤ ቀዩን ከወንድሟ ተበድራ ነበር፤ እሱም እዚያው ገጽ ጥግ ላይ «እስክሪብቶዬን መልሺ» ብሎ ጽፏል። ይኼ በኮምፒውተር ቢተየብ ኖሮ ምን ይቀረኝ ነበር? እናንተ ዘንድ ስልክ አለ፤ ሁሉም በእጁ ይጻፍ፣ ፎቶ አንሱና እንዳለ አስገቡት። የሆሄ ስሕተቱንም አታርሙት።

የታሪክ መምህር፦

የሆም ሩም መምህር ነኝ፤ ብዙ ባች ሸኝቻለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

የ9ኛ ክፍላችሁን ሮስተር ጠይቁ። በየዓመቱ ሴክሽን ስለሚቀላቀል የዘንድሮው አይበቃም። መጀመሪያ ላይ የነበራችሁት በሙሉ በፊደል ተራ እዚያ ላይ አላችሁ፤ የቀረው ልጅ መስመር ላይ ከሆነ ወር ጀምሮ ውጤቱ ባዶ ይሆንና «አቋርጧል» ይላል። እኛ መምህራን ያንን ቃል ጽፈን ወደ ሚቀጥለው ስም እናልፋለን፤ ሥራው ነው። አንድ ተማሪ ስሙ ብቻ እንዲነሳ ሲፈልግ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው፦ ለምን እንዳቋረጡ አትጻፉ። እነሱ ካልፈለጉ በቀር «አረብ አገር ሄደች» የሚለውን እንኳ አታስገቢ። የቤት ችግር፣ ጋብቻ፣ ሕመም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ መጽሔቱ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። አብራችሁ በነበራችሁበት ጊዜ ያለውን ጻፉ፣ እሱም ቢሆን ተጠይቀው ይፍቀዱ። ደግሞ «የዓመቱ ለፍላፊ»፣ «የዓመቱ እንቅልፋም» እያላችሁ ሽልማት የምትሰጡትን ልማድ ተዉት። የሚስቁት ሸላሚዎቹ ብቻ ናቸው። ለዳይሬክተሩ መልእክት የምትተዉት ሁለት ገጽም ይብዛ አይብዛ አስቡበት፤ እኔ ብሆን ማንበቤን እጠራጠራለሁ።

የኋላ ዴስክ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ አውቶግራፍ፣ የእስክሪብቶው ነገር ኮሚቴው ፊት ተነቦ ተስቆበታል፤ በእጅ መጻፉ አልፏል። ቀጥታ መስመር፣ ተከራክሬ የተዛወሩትንም አስገብቻለሁ፤ ይቅርታ። «የወደፊት ሕልም» ወጥቷል፤ ሁለት ልጆች ብቻ ተቆጡ፣ አንዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

ቲቸር፣ ሮስተሩን የ9ኛ ክፍል ሆም ሩማችን አሳዩኝ። ረስቻቸው የነበሩ ልጆች አገኘሁ፤ አንዱ ከፊቴ ነበር የሚቀመጠው። የሄደችውን ጓደኛዬን በእህቷ በኩል አገኘኋት። ፎቶ አልፈልግም ብላ ስሟንና አንድ መስመር በእጇ ጽፋ ልካለች፦ «ባዮሎጂ ደብተሬ እስካሁን እነሱ ቤት ነው፤ ያልጨረስኩትን ዲያግራም ማን እንደጨረሰው ማወቅ እፈልጋለሁ።» እኔ ነኝ የጨረስኩት፤ ከሥሩ መልሱን እጽፍላታለሁ።

ረዳቱ ግን ጉድ አደረገኝ። መጻፍ ሰለቸኝ ብሎ በድምፅ ላከ፤ እየሠራ ነው የቀዳው፣ መሃል መሃል ላይ ሰው ይጭናል። ስለ እያንዳንዱ ቲቸር አንድ ታሪክ አለው፤ ስለ እኔ ከሁለት በላይ። ላሳጥረው ብዬ ብጠይቀው «ካሳጠርሽው ጭራሽ አውጪኝ» አለ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ «ወራጅ አለ» የሚለውንም ሳላወጣ። ሁለት ገጽ ሆነ። የዳይሬክተሩን መልእክት ወደ ግማሽ ገጽ አሳንሰነዋል፤ ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ ነው አሁን ስብሰባ ያለን።