«እንቶኔ» እና «ሰውኛ» የተባሉት ዘይቤዎች ለምን ይምታታሉ? ለአማርኛ መምህርነት ፈተና ለምታጠኑ

ሰሞኑን እዚህ ገጽ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሰዋስው የሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከፈተና ጥናት የመጡ ናቸው። ደስ ይላል። ግን ብዙዎቻችሁ ስያሜውንና ፍቺውን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ስትሸመድዱ አያለሁ። ይሄ ነገር አያዋጣም። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ሰዋስው ስያሜዎች አብዛኞቹ ፍቺያቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት፣ ቃሉን ከፈታችሁት ትርጉሙ ራሱ ይወጣል።

«መቼት»ን ውሰዱ። መቼ እና የት ናቸው፣ ተጋጥመው አንድ ቃል ሆኑ። ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው፣ አለቀ። «አያዎ»ም እንዲሁ ነው። አይ እና አዎ። አንድ አነጋገር ራሱን የሚቃረን መስሎ እውነት ሲይዝ አያዎ ይባላል። «ዝምታው ጆሮዬን አደነቆረኝ» ቢል ሰውዬው፣ ዝምታ አያደነቁርም፤ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

አሁን ወደ እንቶኔ። ስሙ የጠፋብንን ሰው «አንተ እንቶኔ» ብለን እንጠራ የለ? ዘይቤውም ጥሪ ነው። የሌለን ሰው፣ የሞተን፣ ወይም ጨርሶ ሊሰማ የማይችልን ነገር ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማናገር ነው። «አንቺ ሌሊት ሆይ፣ መቼ ነው የምትነጊው?» ይሄ እንቶኔ ነው፣ ተናጋሪው ሌሊቱን አነጋገረው። «ሌሊቱ አፍጥጦ ሲያየኝ አደረ» ካለ ደግሞ ሰውኛ ነው፣ ማንም ማንንም አልጠራም፣ ሌሊቱ የሰው ጠባይ ብቻ ተሰጠው። የሚያምታታው እንቶኔ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰውኛ ስለሚኖር ነው፤ አንድን ነገር ስታናግሩት እንደ ሰው ቆጥራችሁታልና። ፈተና ላይ ሁለቱም አማራጭ ሆነው ከመጡ «ተጠርቷል ወይ? ሁለተኛ መደብ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ ሆይ ካለ ወደ እንቶኔ ሂዱ።

ሌላው ወጥመድ «እንደ» ነው። እንደ ያለበትን ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ ብሎ መሙላት ብዙ ሰውን ጉድ ይሠራል። «እንደ ነገርኩህ አድርግ» ውስጥ ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምንም። «እንደ መጣ ተኛ»ም የጊዜ ጉዳይ ነው። አነጻጻሪ የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ በሚጋሩት ጠባይ ሲገናኙ ብቻ ነው። እንደ፣ ይመስል፣ ያህል የሚሉት ወጥተው አንዱ በቀጥታ ሌላውን ከሆነ ተለዋጭ ነው፦ «ልጁ አንበሳ ነው»።

ምጸት ላይ ብዙ አልቆይም። አርፍዶ የመጣን ሰው «ምነው ቸኮልክ?» ማለት ነው። የተባለውና የታሰበው ተገላቢጦሽ።

ስለ ሰምና ወርቅ ለጠየቃችሁ፣ ለምሳሌ ያህል ራሴ የገጠምኳትን ላስቀምጥ፦

ከማዶ ነው ቤቱ፣ እንዴት ልሂድ ዛሬ፣
አባይ ሆነብኝና ቀረሁኝ ካገሬ።

ሰሙ ወንዙ ነው። ወንዙ መሐል ገብቶ መሻገር አቃተኝ። ወርቁ ደግሞ የቤቱ ባለቤት፣ ሰውዬው ነው፤ ቃሉን የማይጠብቅ፣ ውሸታም ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን የተሸከመው «አባይ» ኅብረ ቃል ይባላል። ጠብቆ ሲነበብ ወንዙ፣ ላልቶ ሲነበብ ሐሰተኛው ይወጣል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዐይን ሁለቱንም ባንድ ላይ ያያል። እውነቱን ለመናገር ወንዙን በዐይኑ ዐ «ዓባይ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ ያኔ ኅብሩ ለዐይን ትንሽ ይደበዝዛል፤ ለጆሮ ግን አይቀየርም። የግእዙን ቅኔ በተመለከተ ዓይነቶቹን በቤት (በስንኝ) ብዛት ያዙ፦ ጉባኤ ቃና 2፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ከዚህ ያለፈ ዝርዝር ውስጥ ከገባችሁ ቅኔ ቤት መግባት ነው።

መጥበቅና መላላት ካነሳን ፈሊጥ ላይም ይገባል። «ሆደ ሰፊ» ጠብቆ ይነበባል፣ ታጋሽ ማለት ነው። ላልቶ «ሰፊ» ከሆነ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። ተቃራኒው «ሆደ ባሻ» ነው፣ በትንሽ ነገር የሚከፋ። የሁለቱ ሆድ የምግብ ሆድ አይደለም፣ የስሜት ማደሪያ ነው። ፈሊጥና ምሳሌያዊ አነጋገርን ለመለየት ደግሞ እርባታውን ተመልከቱ። ፈሊጥ እንደ ቃል ይረባል፦ ጥርስ ነከሰበት፣ ጥርስ ነከሰችባቸው፣ ጥርስ ሊነክሱብኝ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር ግን ራሱን ችሎ የቆመ ሐሳብ ነው፣ እንዲህ እንደልብ አታረቡትም።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ አንዷ እህታችን «ቤቶቻችንን» ስንት ምዕላድ (ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ክፍል) እንዳለው ጠይቃ ነበር። አራት ነው። ቤት ነጻ ምዕላድ፣ ከዚያ ብዛት አመልካቹ (-ኦች)፣ ባለቤትነት አመልካቹ (-ኣችን)፣ በመጨረሻ ተሳቢ አመልካቹ (-ን)። ሦስቱ ጥገኛ ናቸው፣ ብቻቸውን አይቆሙም። ፊደል አትቁጠሩ፣ ትርጉም ቁጠሩ። እነዚህ ሦስቱ የእርባታ ናቸው፣ ቃሉ ስም እንደሆነ ቀርቷል። «ደግ» ወደ «ደግነት» ሲሄድ ግን ቅጽሉ ስም ሆነ፣ ስለዚህ (-ነት) የምሥረታ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ በጣም የምወዳት አሉታ (አንድ ነገር አልሆነም የምንልበት መንገድ) ነች። «አልነገረችኝም» ውስጥ አፍራሹ የታለ? ፊት ላይ «አል-»፣ ጭራው ላይ «-ም»፣ ሁለቱ ተባብረው አንድ ሥራ ይሠራሉ። አሁን ዓረፍተ ነገሩን ጥገኛ አድርጉት፦ «ያልነገረችኝ»፣ «ካልነገረችኝ»። «ም» ጠፋች! አፍ የፈታንበት ቋንቋ ስለሆነ ልብ ሳንለው በየቀኑ እናደርገዋለን፣ ተማሪ ፊት ቆማችሁ «ለምን?» ሲሏችሁ ግን መልሱ የዋና ሐረግና የጥገኛ ሐረግ ልዩነት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

የቃል ክፍሎች ስንት ናቸው ለሚለው፣ ጥያቄው በየትኛው አመዳደብ እንደሚሄድ እዩ። የቀድሞዎቹ ሰዋስዎች 8 ይላሉ። የሰዋስው ምሁሩ ባዬ ይማም 5 ያደርጓቸዋል፦ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ (እንደ «ከ»፣ «ለ»፣ «ወደ» ያሉት)። ተውላጠ ስም ስም ሥር ገባ፣ መስተፃምርም (እንደ «እና» ያለው አያያዥ) ከመስተዋድድ ጋር ተጠቃለለ። «ለምን ቀነሱ?» ለሚል፣ መመዘኛው የቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ቅርጹና በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ስለሆነ ነው።

ልብ ወለድ ላይ ሁለት ጥንዶች ያደናግራሉ። አንዱ ታሪክና ሴራ። «ደብዳቤው ዘገየ። ልጅቷ ሌላ አገባች።» ታሪክ ነው፣ ቅደም ተከተል። «ደብዳቤው ስለዘገየ የተተወች መስሏት ሌላ አገባች» ሲሆን ግን ምክንያትና ውጤት ገባ፣ ሴራ ሆነ። ሌላው ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ ነው። «ፍቅር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ርዕሰ ጉዳዩን ነው የነገራችሁን። ጭብጥ ደራሲው ስለ ፍቅር ምን አለ የሚለው ስለሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚመለሰው።

ደራስያንን በዓመት ዝርዝር ብቻ አትያዙ፣ ምን እንደጀመሩ ያዙ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተሙ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። «ጦቢያ» የምንለውም ይኸው መጽሐፍ ነው፣ ሁለት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩ። ጦቢያ ወንድ መስላ የምትጓዘዋ ልጅ ነች። በተውኔት ቀዳሚው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካሰባችሁ አትረሷቸውም። ስንዱ ገብሩን ደግሞ ብዙ ማስታወሻ ላይ አላያቸውም፣ ያሳዝነኛል። «የልቤ መጽሐፍ» የእሳቸው ነው።

ዓመት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኛ አቆጣጠር የ1958 ነው። 1966 ብሎ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያወራው። በእኛው 1966 የታተመው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ነው፣ አማራጮቹ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ከመጡ ትደነግጣላችሁ። 1962 ላይ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እና የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» አብረው ወጡ። ዳኛቸው የድርሰት አጻጻፍን የሚያስተምረውን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ንም ጽፏል፣ ለመምህርነት የምትዘጋጁ ፈልጋችሁ አንብቡት።

የግጥም ምጣኔን ሆን ብዬ ትቻለሁ፣ የወል ቤትና ሰንጎ መገን የሚባሉት የግጥም ቤቶች ለብቻቸው ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ጆሮው ለግጥም የሠለጠነ ሰው እዚህ አይጠፋም፣ እባካችሁ ከ6 በ6 ቤት ጀምሩልን፣ ቀለም አቆጣጠሩን በአንድ ስንኝ ላይ አሳዩንና ከዚያ እንቀጥላለን።