የባሕር ዛፍ ጉቶ አልሞት አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ጓሮዬ ውስጥ አባቴ የተከሏቸው 3 ነጭ ባሕር ዛፎች ነበሩ። ሥራቸው የአጥሩን የድንጋይ ካብ እየሰነጠቀ፣ ጌሾዬንም ውሃ እየነሳ ስላስቸገረኝ ጥቅምት ላይ አስቆረጥኳቸው። እውነት ለመናገር አንጀቴ አልቻለም ነበር።

ሁለቱን ጉቶዎች የቀን ሠራተኞች በዶማና በዲጂኖ አወጡልኝ። ሦስተኛው ግን ከካቡ ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቅም። ዙሪያውን መቆፈር ሲጀምሩ ድንጋዮቹ ተንሸራተቱ፤ አስቆምኳቸው።

ከዚያ ኩበት ከምሬ 2 ቀን ሙሉ አቃጠልኩት። ላዩ ከሰለ፤ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ እሳቱ አልዘለቀም። ጎረቤቴ «ጨው ነስንሺበት» አለችኝ። ጨው ደግሞ አፈሩን ያበላሽብኛል፤ ጌሾና ጎመን የምተክለው እዚያው ነው።

ክረምት ሲገባ ከልጡ ሥር አቆጠቆጠ። ቅጠሉ ክብ፣ አመድማ ነው፤ በጣት ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይተዋል። ስቆርጠው በ2 ሳምንት በዝቶ ይመለሳል። ዛሬ ጠዋት 11 ቀንበጥ ቆጠርኩ።

ፀረ አረም መድኃኒት እንዳልቀባው የውሃ ጉድጓዳችን 4 ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ ልጆቹ ከዚያ ይጠጣሉ። ቀንበጡን ቶሎ ቶሎ እየገነጠልኩ ጉቶውን በአፈርና በጥቁር ላስቲክ ላፍነው አስቤያለሁ። ሥሩ ያጠራቀመው ምግብ እስኪያልቅ ግን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እንጃ።

እንዲህ ያለ ጉቶ ያጠፋችሁ ካላችሁ፣ ካቡን ሳላፈርስና ጉድጓዱን ሳልበክል በምን ልግደለው?