ዳኛ ፊት ስትደርስ ቁጭ የምትለው ውሻዬ

ጥያቄ፦ የሻሼ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ሻሼ የምትባል የ5 ዓመት ቦርደር ኮሊ ዘር ውሻ አለችኝ። ሥራዋ ሁለት ነው፤ ሾው ላይ (ዳኛ የውሻን ቁመና በሚመዝንበት ውድድር) ትቀርባለች፣ በታዛዥነትና በአጂሊቲም (መሰናክል እያለፉ በሚሮጡበት ውድድር) ትወዳደራለች። የውድድር ቦርሳውን ገና ሳነሳ በር ላይ ቀድማኝ የምትገኝ ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይሳሳላታል።

ችግሩ ይሄ ነው፦ ሾው ላይ ዳኛው ሊመረምራት ሲጠጋ ቁጭ ትላለች። በታዛዥነት ስልጠና እኔ በቆምኩ ቁጥር ሳልነግራት እንድትቀመጥ ተምራለች፤ ስለዚህ ሁለቱ የተምታቱባት ይመስለኛል። አሰልጣኛችን "አንዱን ምረጪ" ይለኛል። እሷ ግን ሁለቱንም ትወዳለች፣ እኔም አልጨክንም። ሁለቱን አጣጥማችሁ የያዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ ቀጣዩ ሾው ቅርብ ነው።

መልስ፦ ባለ ሁለት ገመድ

መምረጥ አያስፈልግሽም እህቴ። ውሻ ምን እንዳሰርሽለት አይቶ ሥራውን ይለያል። ቀጭኑ የሾው ገመድ ለሾው ብቻ ይሁን፣ ሰፊው አንገትጌ ለታዛዥነት ብቻ። በአንዱ ገመድ ሌላውን ሥራ ፈጽሞ አትለማመጂ። "ቁሚ" የሚለውንም ቃል ለሾው ብቻ አስቀሪው።

ከዚያ እጅሽን ተመልከቺ። ማባበያውን ከጭንቅላቷ በላይ ከያዝሽው አንገቷ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ዳሌዋ ወደ ታች ይወርዳል፤ አብዛኛው መቀመጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአፍንጫዋ ትክክል፣ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው። የፊት እግሮቿ ቀጥ ብለው፣ የኋላዎቹም ከቁርጭምጭሚት በታች ወደ መሬት ቀጥ ብለው ሲቆሙ ያኔ ስጫት። ከተቀመጠች አትቆጪ፤ ነገ በታዛዥነት ሜዳ ያንኑ መቀመጥ ትፈልጊዋለሽ። ዝም ብለሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ሂጂ፣ ስትነሳ እንደገና ጀምሪ።

የማታውቀው ሰው መጥቶ ጥርሷን፣ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን ይንካት። መጀመሪያ ለአፍታ ብቻ፣ ቀስ በቀስ ረዘም ይበል። በቤት ሰው ብቻ የተለማመደች ውሻ እንግዳ ሲጎነበስባት መጨነቋ አይቀርም።

መልስ፦ ቆራጡ

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምን አስፈለገ? እጅን ሆዷ ሥር ከትቶ ብድግ ማድረግ ነው። የኔ ውሻ በዚህ ነው የተማረው።

መልስ፦ ፊዚዮዋ

ከውሾች ጋር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሆዷን ብድግ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። የሻሼ እናት፣ መቀመጡ መቼ ጀመረ? ታዛዥነትን ስትጀምሩ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ? አጂሊቲዋስ እንደ ድሮው ነው?

የሻሼ እናት

ታዛዥነትን የጀመርነው ገና ቡችላ ሳለች ነው፤ ሾው ላይ ለረጅም ጊዜ አምሮባት ነበር የምትቆመው። መቀመጡ የቅርብ ነው። አጂሊቲ ላይ ደግሞ የምትዘለውን አግዳሚ መጣል ጀምራለች፣ ተጠማዝዛ የምታልፍባቸውን ዘንጎችም መሃል ላይ ትታ ትወጣለች። አሰልጣኙ ስንፍና ነው ብሏል። አታነክስም ግን።

መልስ፦ ፊዚዮዋ

ለዓመታት ስትሠራው የኖረችውን ሥራ አሁን በድንገት አልተምታታባትም። አግዳሚ የምትጥል፣ ከዘንግ የምትወጣና ቆማ መቆየት ያቃታት ውሻ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። አለማንከሷም ብዙ አያጽናናም፤ ሁለቱም ጎን እኩል ሲታመም ማንከስ ላይታይ ይችላል፣ እንደ ቦርደር ኮሊ ያለ ሥራ ወዳድ ዘር ደግሞ ሜዳ ላይ ሕመሙን ይረሳዋል።

በአጂሊቲ ውሾች ላይ በብዛት ከሚጎዱት ቦታዎች መካከል ትከሻና ኢሊዮሶአስ የሚባለው ጡንቻ ይገኙበታል። ይህ ጡንቻ ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ ጭን አጥንት ላይ ይያያዛል፣ ሥራውም ጭንን ወደፊት ማጠፍ ነው። የኋላ እግር ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሲቆም ጡንቻው ይወጠራል። ስትቀመጥ ይላላል። ስለዚህ ሾው ላይ የምታይው መቀመጥ እረፍት ፍለጋ ሊሆን ይችላል። ይሄ ግምት ነው፣ ምርመራ አይደለም።

ወደ ሐኪም ስትሄጂ ሶምሶማ ስትሮጥ ከጎንና ከኋላ በስልክሽ ቀርጸሽ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ውሰጂለት፤ ክሊኒክ ውስጥ ደንግጣ ደህና ልትራመድ ትችላለች። ኤክስሬይ አጥንትን ያሳያል፤ ለጡንቻው የሐኪሙ እጅና አልትራሳውንድ ይሻላሉ። እስከዚያ ዝላይ የለም። የሰው ማስታገሻም አትስጫት፤ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ውሻን ይመርዛሉ። ሐኪሙ ማስታገሻ ካዘዘላት ደግሞ የውድድሩን ደንብ አንብቢ፤ በብዙ ቦታ መድኃኒት ላይ ያለ ውሻ አይወዳደርም።

መልስ፦ ቆራጡ

እሺ ይሁን፣ ይሄን አላሰብኩትም። ሆድ ማንሳቱ ይቅር።

የሻሼ እናት

ታይታ መጣች። ሐኪሟ ጭኗን ወደ ኋላ ስትዘረጋው ሻሼ ዞር ብላ እጇን አየቻት፣ በአልትራሳውንድም ያው ጡንቻ መጎዳቱ ታየ። እረፍት፣ በገመድ ብቻ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ፊዚዮ ታዞላታል። ሾውን ሰርዣለሁ። አሁን ጭንቀቴ ሌላ ነው፦ ሥራ የለመደች ውሻ ቤት ተቀምጣ እንዴት ትሆናለች? ከአሁኑ ጫማዬን እየጎተተች ታመጣልኛለች።

መልስ፦ የጡረተኞች አሳዳጊ

አፍንጫዋን አሠሪያት። ከምግቧ ቆንጥረሽ ክፍል ውስጥ ደብቂ፣ "ፈልጊ" በያት። መጀመሪያ እያየች፣ ኋላ በር ዘግተሽ። እግሯን ሳያደክም ጭንቅላቷን ያደክመዋል፣ ከጨረሰች በኋላ ተኝታ ታገኚያታለሽ። አገጯን መዳፍሽ ላይ አሳርፋ መቆየትም አስተምሪያት፤ ወደ ሾው ስትመለስ ለጥርስ ምርመራ ይጠቅማታል። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርጊ፣ ሶፋ ላይ መዝለልና ኳስ ማባረር ይቅር።

ምግቧንም ቀንሺ፣ እየለመነችሽም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ በ48 ላብራዶሮች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው የነበሩት 2 ዓመት ገደማ ጨምረው ኖረዋል፣ የመገጣጠሚያ ችግራቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። የጎድን አጥንቷ ሳትጫኚ በጣትሽ ሊዳሰስ ይገባል። ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ በዓይን አትፍረጂ።

መልስ፦ ባለ ሁለት ገመድ

የሾው ገመዱን ግን አትጣይው። ሐኪሟ ስትፈቅድ በ"ቁሚ" ጀምሪ፣ እግሯን ወደ ኋላ ሳትዘረጊ፣ ለአጭር ጊዜ። አግዳሚው የመጨረሻው ይሁን፣ ሲመለስም መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚጀመረው።