ከግራጫና ከቀይ እርግብ የወጡ ጫጩቶች

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሰላም የደሴ እርግብ ወዳጆች፣ ወንዱ ግራጫ ነው ክንፉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው፣ ሴቷ ደግሞ አመድማ ቀይ ናት ጅራቷ ነጣ ያለ፣ ሁለት ፈልፍለው አንዱ ቀይ ሌላው ቁርጥ አባቱን ሆነ፣ ጎረቤቴ ሌላ ወንድ ገብቶባት ነው እያለ ይስቅብኛል። እውነት ነው እንዴ?

ቦርከና፦ ኧረ አትስማው ወንድሜ 😂 ቀዩ ግራጫውን ይሸፍናል፣ ግን ጂኑ ያለው ጾታ የሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ሴት እርግብ ቀለሟን ከአባቷ ብቻ ነው የምትወስደው። ስለዚህ ካንተ ጥንድ ቀዩ ወንድ ግራጫዋ ሴት ናት፣ ላባ እንዳወጡ ታውቃለህ። ገልብጠህ ቀይ ወንድ ለግራጫ ሴት ከሰጠህ ግን በቀለም መለየት የለም።

የኮምቦልቻው፦ ልክ ነው፣ ቀዩ እያደር ክንፉና ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ ግራጫውን ደብቆ ይዟል ማለት ነው፣ እሱን እንዳትሸጠው።

ጦሳ፦ ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካኖቹን የበቆሎ እባብ አይታችኋል? ሁለት ተራ እባቦች ተዳቅለው ጥቁር ቀለም የሚባል የሌለው ብርቱካናማ ይፈለፈላል፣ እዛ ግን ጾታ አይለይም፣ ጂኑ ከሁለቱም ወላጅ መምጣት አለበት። ቤቱ እባብ የሚያረባ ሰው ግን እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደው እንጃ!