ኮምቦልቻ ላይ ኳስ ብንሰፋ ያዋጣል?

ቦርከና፦
ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ነኝ። ቆዳ ፋብሪካው እዚሁ አለ፣ ስፌት የለመደች ሥራ ፈላጊ ሴትም ሞልታለች፣ ሱቅ ስትገቡ ግን ኳሱ የቻይና ነው። እህቴና ጓደኞቿ በእጅ ለመስፋት ዝግጁ ናቸው። ቤታቸው ሆነው እየሰፉ በኳስ ቁጥር ብከፍላቸው ኪራይም አይኖርብኝ። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ያዋጣል ወይስ ብሬን ገደል ልከተው ነው?

ጦሳ፦
ወንድምዓለም፣ በቆዳው እንኳ አትመካ። ከ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ወዲህ የዋንጫው ኳስ ሰው ሠራሽ ነው። ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ የላዩን ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የሚለጠፈውን ጨርቅ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ምናልባት ክሩንም ጭምር በዶላር ልታስመጣ ነው። የራስህ የሚሆነው ጉልበቱ ብቻ ነው። የፓኪስታኗ ሲያልኮት ደግሞ ከእንግሊዞች ዘመን ጀምራ የስፖርት ዕቃ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት፤ ቆራጩም ሰፊውም ላኪውም እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ነው። 32 ቁራጭ ያለውን ኳስ በእጅ መስፋት ለለመደ ሰው እንኳ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እስቲ በቀን ስንት ይወጣል፣ ለሰፊዋስ ስንት ይደርሳታል? አስላው።

እታለም፦
እኔን ያስደነገጠኝ «ቤታቸው ሆነው» ያልከው ነው። ሲያልኮትም እንደዚያው ነበር። ደላላው ቁራጩን መንደር ያደርሳል፣ በኳስ ይከፍላል፣ እቤት ማን እንደሚሰፋው ግን አያይም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ሕፃን ልጅ ኳስ ሲሰፋ የሚያሳይ ፎቶ አሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣና ጉድ ፈላ። በ1997 የከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር አትላንታ ላይ ተፈራረመ፤ ስፌቱም ቁጥጥር ወዳለበት ማዕከል ገባ። ለልጆቹ ጥሩ ሆነ። ልጅ ታቅፈው የሚሰፉ እናቶች ግን ማዕከሉ ራቃቸውና ገቢያቸው ቀረ፣ ይሄን የሚያወራው ሰው ትንሽ ነው። በእኛም ሕግ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፣ እስከ 18 ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የደሞዝ ወለል ስለሌለ ግን የምትከፍለው በህሊናህ ነው። እኔ ራሴ በቁጥር የሚከፍል ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ማሽኑ ሲበላሽና መብራት ሲጠፋ ኪሳራው የኛ ነበር። እህትህን እዚያ ውስጥ እንዳትከታት።

ሸዋበር፦
ደሴ የስፖርት ዕቃ እሸጣለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ገዢ ዋጋ እንጂ ስፌት አይጠይቅም፤ ርካሹ በማሽን የተሰፋ ነው። ውዱም ቢሆን መርፌ እየተወ ነው፣ ከ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ዋናው ኳስ በሙቀት የሚጣበቅ ነው። የ2014ቱን የዋንጫ ኳስ፣ ብራዙካን፣ ራሷ ሲያልኮትም ሠርታለች። የእጅ ስፌት ከላይም ከታችም ተይዟል። ይልቅ ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ቡድን ጥገና ያዝ፦ የተተረተረ መስፋት፣ ላስቲክ መቀየር። ኳስ የተፈታባቸው ልጆች ጫማ ሰፊ ጋ ነው የሚሮጡት፣ እሱም እየተነጫነጨ ነው የሚሰፋላቸው።

ቦርከና፦
ወላሂ የጥገናው ነገር አልመጣልኝም ነበር። ሸዋበር፣ ላስቲኩን ለብቻው ታመጣለህ ወይስ አዲስ አበባ ልውረድ? እታለም፣ በቁጥር ካልሆነ በቀን ስንት ብከፍል ይሻላል ትያለሽ?