ክርክር፦ ኮንቴነር ሁሉ የተባይ ፍተሻ ሳያልፍ ከሞጆ አይውጣ?

አወያይ፦ ርዕሱ ባለፈው ስለ እምቦጭ ስናወራ የተነሣ ነው። ሐሳቡ ይኸው፤ ከጅቡቲ የሚገባ ኮንቴነር ሁሉ፣ ጭነቱ እህልም ይሁን ሴራሚክ፣ ውጭውም ውስጡም ለተባይ፣ ለአረም ዘርና ለአፈር ሳይፈተሽ ከሞጆ ደረቅ ወደብ አይውጣ። ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ይጻፍ። የሚሳደብ ይወጣል።

ትራንዚተሩ፦ ተቃዋሚ ነኝ። ሞጆ ግቢ ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ሰው «ሁሉም» ለማለት አይደፍርም። ዛሬ እንኳ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ቀይ ከወጣ፣ ማለትም ተከፍቶ ይፈተሽ ከተባለ፣ ፈታሽ እስኪመጣ፣ ጫኝና አውራጅ እስኪገኝ፣ ኮንቴነሩን የሚያወርድ ማሽን እስኪለቀቅ ነው የሚጠበቀው። ዲመሬጁ፣ ማለትም ኮንቴነሩ ለዘገየበት ቀን የሚከፈለው፣ ደግሞ የሚቆጠረው በዶላር ነው። ባዶው ኮንቴነር ጅቡቲ እስኪመለስ የመርከብ ድርጅቱ ቀኑን ይቆጥራል፤ ጥንዚዛ ስንፈልግ ነው የቆየነው ብትለው አይምርህም። ያ ሁሉ ወጪ መጨረሻ ላይ ዘይትና ብረት ላይ ነው የሚያርፈው።

አዝመራ፦ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ደጋፊ ነኝ። ለእህልና ለዘር ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል። ቀዳዳው ሌላው ጭነት ላይ ነው። መለዋወጫ የጫነ ኮንቴነር «የእርሻ ውጤት አይደለም» ይባልና ያልፋል፤ ጉምሩክም የሚያየው ታሪፉን፣ ዋጋውንና ኮንትሮባንዱን ነው። ያው ኮንቴነር ከሁለት ጉዞ በፊት ሩዝ ጭኖ እንደነበር ማን ያውቃል? ወለሉ እንጨት ነው፤ በእንጨቱና በብረቱ መጋጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ የእህል ስባሪ ይቀራል። ካፕራ የሚሉት የጎተራ ጥንዚዛ እዚያ ይገባል። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ትሉ ምግብ ሲያጣ ራሱን አደንዝዞ ዓመታት ይቆያል፣ በጭስ መድኃኒትም ቶሎ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘው ከውጭ የገባ ፍሪጅ ማሸጊያ ውስጥ ነው። ልብ በሉ፣ ፍሪጅ ነው ያልኩት።

ትራንዚተሩ፦ አውስትራሊያ በባሕር የተከበበች ሀብታም ደሴት ናት፤ እኛ ደግሞ ወደብ እንኳ የለንም። ተባዩ በኬንያም በሱዳንም በእግሩ ይገባል።

የፉትስክሬዩ፦ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን መጋዘን ውስጥ ኮንቴነር አራግፋለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልናገር። እዚህም ሁሉም ኮንቴነር አይፈተሽም! ከላኪው የማሸጊያ መግለጫ ይመጣል፤ ገለባ ወይም ድርቆሽ ለመደገፊያ ተጠቅመሃል? እንጨት አለበት? ከሆነ ታክሟል? ወረቀቱ ከሌለ ወይም ከተምታታ ያኔ ሳጥኑ ይያዛል። ትራንዚተሩ የምትወደው ደግሞ ይህ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚራገፍና ገጠር እርሻ አጠገብ የሚራገፍ እኩል አይታይም። ወደ ገጠር የሚሄደው በሩ ተከፍቶ ውጭውም ይታያል። ፈታሹ መጀመሪያ የሚሄደው ፎርክሊፍት የሚገባበት ቀዳዳና ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ ጭቃው፣ ቀንድ አውጣው፣ የሸረሪት ድሩ እዚያ ነው የሚሰበሰበው። ባትሪ ይዞ በሆዱ ተኝቶ ከሥር ሲያይ አይቻለሁ።

ትራንዚተሩ፦ በሆዱ ተኝቶ! ሞጆ አቧራ ላይ ሞክራት።

የድሬ ልጅ፦ አቦ ስለ ጥንዚዛ ብቻ አታውሩ። ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘ። ይሄ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ የከተማ ሰው በሮቶና በበርሜል ያጠራቀመው ውሃ ይበቃዋል። ጅቡቲ በ2012 27 የወባ ሕመምተኛ ብቻ ነበር የመዘገበችው፣ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። በ2022 ደግሞ እኛው ጋ፣ ድሬዳዋ፣ በበጋ ወባ ተነሣ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀር። ተመራማሪዎች የባሕር ንግዱን መንገድ ይጠረጥራሉ። እናንተ ስለ ቀን ኪራይ ታወራላችሁ።

ትራንዚተሩ፦ ወንድሜ፣ ይጠረጥራሉ አልክ እንጂ አረጋገጡ አላልክም። እስቲ በደንብ እንቁጠር። እምቦጭ ጣና ላይ በኮንቴነር መጣ? ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ እኛው ነን በረሃ ይዞ እንዲያቆም ብለን የተከልነው፤ ዛሬ አፋር ግጦሹን በልቶበታል። የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲገባ የዲክላራሲዮን ቁጥር አልነበረውም፤ በክንፉ ነው የመጣው። ቅንጨ አረም ደግሞ ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ይባላል። ያ ከሆነ ሰርተፊኬት ከሚጠየቅበት ጭነት ውስጥ ነው የወጣው። ታዲያ የሞጆው ነጋዴ የማንን ዕዳ ይክፈል?

አዝመራ፦ ይሄኛው ክርክር ጥሩ ነው፤ ግን ወደ እኔ ያጋድላል። ቅንጨን ዛሬ ወሎና ሐረርጌ ላይ በእጅ የሚነቅለው ገበሬ ነው፤ የነካው ቆዳ ያሳክከዋል፣ ከብቱ ከበላው ወተቱ ይመራል። ያኔ ማጣራት ይሻል ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ስለ ትንኙ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጭነት ሁሉ የሚያሰጋኝ አሮጌ ጎማ ነው። ውስጡ ውሃ ይቋጥራል፣ የዴንጊ ትንኝ እንቁላል ደርቆም ወራት ይቆያል። ድሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ መነሣቱን ልጁ ያስታውሳል።

የድሬ ልጅ፦ እንዴት ይረሳል! ቤታችን ሁሉ ነበር የተኛው።

ሴራሚክ አስመጪ፦ እኔ መሀል ነኝ። የእኔ ዕቃ በእንጨት ፓሌት ነው የሚመጣው። ሕጉ እንጨቱ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ወይም በጋዝ እንዲታከም ይላል፤ ከዚያ የስንዴ ዛላ ያለበት ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም ያለውም የሌለውም ሲገባ አይቻለሁ፤ «ይሄ ምንድነው» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። የባሰው ደግሞ ፓሌቱ አይጣልም፤ ሰፈር ገብቶ አልጋና ወንበር ይሆናል፣ የተረፈው ማገዶ ይሆናል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ዛፎቿን የሚቦረቡር የእስያ ጥንዚዛ ያገኘችው በእንዲህ ያለ ማሸጊያ እንጨት ሰበብ ነው ይባላል። ማኅተም ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ኮንቴነሩ ሲራገፍ መጋዘኔ ላይ ይታይ፤ እኔ ፎቶ አንስቼ ልላክ።

ትራንዚተሩ፦ እሺ፣ ይሄን አልቃወምም። ላኪው አገር ላይ ይጽዳ፣ መግለጫው ከቢሉ (ከመርከብ ጭነት ሰነዱ) ጋር ይምጣ፤ አሮጌ ጎማ፣ ያገለገለ ማሽንና ትራክተር፣ ባዶ እንጨት ሣጥን ቀይ ይውጣ። ሌላው በናሙና ይታይ። ያገለገለ ትራክተር ጎማው ላይ የሰው አገር አፈር ይዞ ሲገባ እኔም አይቻለሁ፤ አልዋሽም።

አዝመራ፦ ናሙናው በዕጣ ከሆነ፣ ማለትም ነጋዴው ቀድሞ የማያውቀው ከሆነ፣ «ሁሉም» የሚለውን እተወዋለሁ። የኳራንቲን (የተባይ ቁጥጥር) ሰው ግን ከጉምሩክ ፈታሹ ጋር አንድ ላይ ይቁም፤ ኮንቴነሩ ሁለቴ አይከፈት።

የፉትስክሬዩ፦ ኒውዚላንድ እንደዚያ ነው የምታደርገው ማለት ይቻላል፤ የመጋዘኑን ሠራተኛ አሠልጥና በሩን ሲከፍት እንዲያይ ታደርጋለች። ሕያው ነገር ካየ በሩን መልሶ ዘግቶ ይደውላል።

ትራንዚተሩ፦ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ተባይ ተገኘ እንበል። ጭሱ እስኪታጠን፣ ጋዙ እስኪወጣ ኮንቴነሩ ይቆማል። የዚያን ቀን ዲመሬጅ ማን ይክፈል?

ሴራሚክ አስመጪ፦ ላኪው። ውሉ ላይ አስገባው።

ትራንዚተሩ፦ ዶላር በስንት መከራ ያገኘ አስመጪ ነው ላኪውን «ውል ቀይር» የሚለው? እኅቴ፣ አንቺ ትችይ ይሆናል።

አወያይ፦ ዛሬ ማታ ለድምፅ የሚቀርበው «ሁሉም ኮንቴነር» የሚለው ሳይሆን የተሻሻለው ሐሳብ ነው፤ የማሸጊያ መግለጫ ግዴታ፣ አሮጌ ጎማና ያገለገለ ማሽን ሁሉ፣ ሌላው በዕጣ። የዲመሬጁን ጉዳይ የባንክና የውል ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ ከድምፁ በፊት ይጻፍበት።