የመረጥነው የፓርላማ አባል በመሃል ቢወጣ ወንበሩ የማን ነው?

የሂርማታው፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የሚያውቅ ሰው በደንብ ያስረዳኝ። ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ቡና ይዘን ክርክር ተነሳ። የፓርላማ አባል አምስት ዓመቱ ሳያልቅ ቢሞት፣ በቃኝ ብሎ ቢለቅ ወይም ሌላ ሹመት ቢሰጠው ቦታው ላይ ማን ይቀመጣል? አንዱ ፓርቲው ሌላ ሰው ይልካል አለ። ሌላው በምርጫው ሁለተኛ የወጣው ይገባል አለ። ሦስተኛው ደግሞ እስከ ቀጣዩ ምርጫ ባዶ ይቆያል ብሎ ድርቅ አለ። ለእኔ ሦስቱም አልተዋጡልኝም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ከጠዋት ጀምረን ተሰልፈን ድምፅ የሰጠነው እኮ እንዲወክለን ነው። እሱ ሲሄድ እኛን ማንም አይጠይቀንም ማለት ነው?

የጅሬኑ መምህር፦
ወንድሜ፣ በሕጉ ከሄድን ሦስቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ሦስተኛው ግን በተግባር ብዙ ጊዜ የሚታየውን ነው የተናገረው።

እኛ አገር በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ነው። ሁለተኛ የወጣው ተሸናፊ ነው እንጂ ተጠባባቂ አይደለም። ፓርቲም ምትክ የሚልክበት መንገድ የለም። ቦታ ሲጓደል የሚሞላው በማሟያ ምርጫ ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ማሟያ ምርጫን ከጠቅላላ ምርጫና ከአካባቢ ምርጫ ለይቶ ራሱን የቻለ የምርጫ ዓይነት አድርጎታል። የሚያካሂደውም ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። በ1997 ምርጫ ያሸነፉ በርካታ የተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ ተመራጮች ፓርላማ አንገባም ብለው ወንበራቸው ባዶ ቀረ። የማሟያ ምርጫው የተደረገው ከአካባቢ ምርጫው ጋር ሚያዝያ 2000 ነው። አስበው፣ የአምስት ዓመቱ ዘመን ከግማሽ በላይ አልፎ ማለት ነው። ያ ሁሉ መራጭ በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የሚናገርለት ሰው አልነበረውም።

ሹመት ያልከውን ደግሞ ለይተህ እየው። ሚኒስትር መሆን ወንበር አያስለቅቅም። ጠቅላይ ሚኒስትሩማ የግድ ከምክር ቤቱ አባላት መሃል ነው የሚመረጠው። ርዕሰ ብሔር የሆነ ግን ወንበሩን ይለቃል፣ አንቀጽ 70 በግልጽ ነው የሚለው። መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ የግል ተወዳዳሪ ሆነው በ1992 ምርጫ ፓርላማ ከገቡ በኋላ ነው መስከረም 1994 ላይ ፕሬዝዳንት የሆኑት። ኬንያ ደግሞ ከኛ የተለየ ነው። በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው የካቢኔ ሚኒስትር የፓርላማ አባል መሆን አይችልም። ስለዚህ አባሉ ሲሾም ወዲያው ቦታው ለማሟያ ምርጫ ክፍት ይሆናል።

ቆጪ ሰፈር፦
መምህር ስለ ሕጉ ያሉትን ተቀብያለሁ፣ ግን እውነት እንነጋገር። ሰው ምልክት አይቶ ነው የሚመርጠው። ስንቱ መራጭ ነው የተወካዩን ሙሉ ስም የሚነግርህ? ለአንድ ወንበር ብሎ መዝገብ መክፈት፣ ጣቢያ ማደራጀት፣ ታዛቢ ማሰማራት፣ ፖሊስ ማቆም ስንት ወጪ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሕዝቡ የፓርቲ ስም ዝርዝር ነው የሚመርጠው፣ አንዱ ሲወጣ ፓርቲው ከዝርዝሩ ሌላ ያስገባል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይከርምም። እኛ ጋ እንደዛ ቢሆን ምን ችግር አለው?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ችግር ያለው እዛው ላይ ነው። ዝርዝር ሲሆን አባሉ የሚፈራው ፓርቲውን ነው፣ ምክንያቱም ያስቀመጠው እሱ ነው። አሁን ባለው ሕግ ግን ወንበሩ የምርጫ ክልሉ ነው። አንቀጽ 54 ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዛ ውስጥ የለም።

ፓርቲ እንደፈለገ ሰው ማስገባት እንደማይችል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2010 አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለመልቀቅ ሲጠይቁ ከኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች አንዱ የነበረው የኦሕዴድ ሊቀመንበር አቶ ለማ መገርሳ ነበሩ። ሁሉም ይተካሉ ብሎ እሳቸውን ነበር የሚጠብቀው። ነገር ግን አቶ ለማ የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ አባል እንጂ የፌዴራሉ ፓርላማ አባል አልነበሩም። ፓርቲው አንዱን አባል አስነስቶ እሳቸውን ማስቀመጥ ቢችል ኖሮ አንድ ቀን አይፈጅበትም ነበር። አልቻለም። ስለዚህ የካቲት ላይ ሊቀመንበርነቱን ከዚሁ ከጅማ ዞን ተመርጠው ፓርላማ ለነበሩት ለዶ/ር ዐቢይ አሳለፈ፣ መጋቢት 24 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የአገሪቱን መሪ ማንነት የወሰነው ማን የትኛው ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጧል የሚለው ነገር ነው። ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ምርጫ ጣቢያ ስንገባ ሁለት ወረቀት የተሰጠን ለዚህ ነው፣ አንዱ ለፓርላማ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ብዙ ሰው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ የሚከተው። የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የተለያየ ወንበር ነው።

ቆጪ ሰፈር፦
የለማውን ነገር እንደዛ አላየሁትም ነበር፣ ይሁን። ግን እሺ፣ በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበር አይደል? በ2012 ብልጽግና ሲመሠረት ከሕወሓት በቀር ሁሉም ወደ አዲሱ ፓርቲ ገቡ። አንድም የምርጫ ክልል ተጠይቆ ድምፅ አልሰጠም። ሰዎቹ አሉ፣ ፓርቲው ተቀየረ። ወንበሩ የመራጩ ከሆነ ያኔ መራጩ የት ነበር?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ይሄ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፣ እኔም ይከነክነኛል። ሕገ መንግሥቱ ፓርቲ የቀየረ አባል ወንበሩን ያጣል የሚል አንቀጽ የለውም። ጥሩ ጎኑ አባሉ ከፓርቲው ስለተጣላ ብቻ አይባረርም። መጥፎ ጎኑ አንተ ያልከው ነው፣ ለአንድ ፕሮግራም ድምፅ ሰጥተህ ሌላ ፕሮግራም ይዞ ይቀመጣል። እኔ ግን ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አባሉን ማስነሳት ያለበት የመረጠው ሕዝብ ነው፣ ሌላ ማንም መሆን የለበትም።

የሂርማታው፦
እሱን ልጠይቅ ነበር እኮ። ሰውየው በሕይወት አለ፣ አልተሾመም፣ ግን ድምፁ ጠፋ። ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው የምናየው። እኛ ማንሳት እንችላለን?

የጅሬኑ መምህር፦
ትችላላችሁ። አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል፣ አንቀጽ 54ም ይደግመዋል። ዝርዝሩ በሕግ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ተሰብስቦ አውርደነዋል ማለት አይቻልም፣ ሥርዓት አለው። የሚያሳዝነው መብቱ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ነው። ስንት ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚገረሙት በዚህ ነበር፣ ቤተሰቦቻቸውም አልሰሙትም።

አንድ ነገር አትቀላቅሉ። ያለመከሰስ መብት ተነሳ ማለት ወንበር ተነጠቀ ማለት አይደለም። ምክር ቤቱ መብቱን የሚያነሳው አባሉ እንዲያዝ ወይም እንዲከሰስ ለመፍቀድ ነው። ያ ሰው አባልነቱን ገና አላጣም። ግን ታስሮ ስብሰባ አይገባምና መራጩ በተግባር ያለ ተወካይ ይቀራል፣ ወንበሩም በወረቀት ተይዟል።

ባዶ ወንበር ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ የጀመረው ምክር ቤት የትግራይን 38 ወንበሮች ሳይዝ ነው የተቀመጠው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ሳይሰጥባቸው ለቀሩ አካባቢዎች ምርጫው የተደረገው ሰኔ 16 ቀን 2016 ነው። ያኔ በጀት ሲጸድቅ፣ አዋጅ ሲወጣ የእነዚህ ሰዎች እጅ አልነበረበትም። እኛ ጅማ ላይ አንድ ወንበር ቢጓደል ዝም ብለን የምንጠብቅ ከሆነ በእነሱ የደረሰው በእኛም ይደርሳል።

የሂርማታው፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ አንቺም እህቴ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥመን የት ነው የምንጠይቀው?

የጅሬኑ መምህር፦
ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ አባላቱ ወደ መራጮቻቸው ይወጣሉ። ስብሰባው ላይ ስለ ውሃና መንገድ ብቻ አትጠይቁ። ምክር ቤት ገብተህ ምን ተናገርክ፣ ለየትኛው አዋጅ ምን ድምፅ ሰጠህ በሉት። ወንበሩ ከተጓደለ ደግሞ በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤትና ለምርጫ ቦርድ አስገቡ፣ ቅጂውን አስቀሩ፣ የተቀበለበትን ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ። ስትጽፉ የምርጫ ክልላችሁን ስም በትክክል ጥቀሱ። የምርጫ ክልልና ወረዳ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፣ አንዳንድ ወረዳ ለሁለት የተከፈለ አለ። ስሙ ከተሳሳተ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀረው።